ግድግዳ የበላ ጥርስ

ባሌን ያሳሰረው ቀንድ አውጣ ነው ስል ሰው ሁሉ ይስቃል። ዛሬ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ያን ጊዜ ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረውም። በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት አርባ ምንጭ ውስጥ፣ ታችኛው ከተማ ሲቀላ ላይ በቀበሌ የታሰረ ሰው እዚያው ካልተፈታ ላይኛው ከተማ ወደ ሴቻ ይወሰዳል። ወደ ሴቻ የወጣ ደግሞ መቼ እንደሚወርድ አይታወቅም። ስንቅ ይዛ ሽቅብ ወጥታ፣ ስንቁን እንዳለ ይዛ የተመለሰች ጎረቤት ነበረችን። «እዚህ የለም» ብቻ ነው ያሏት። የት እንዳለ አልነገሯትም፤ እሷም ደግማ አልጠየቀችም።

ስለዚህ ባሌ ኦይታ በታሰረ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነው ያሰብኩት። ሴቻ ሳይወጣ እዚሁ ማስፈታት አለብኝ።

የኦይታ ሥራ ሰሌዳ መጻፍ ነው። የሱቅ ስም፣ የመኪና በር፣ የሙሽራ ሳጥን፣ ምን አለፋችሁ፣ ብሩሽ የሚነካው ነገር ሁሉ የእሱ ነው። የተወለደው ጨንቻ ሲሆን አባቱም አያቱም ሸማኔዎች ናቸው። እሱ ግን መወርወሪያውን ጥሎ ብሩሽ ያዘ፤ እናቱ ይህን እስከ ዛሬ ይቅር አላለችውም። እጁ የረጋ ነው፣ አፉ ደግሞ ከእጁም የባሰ። እኔ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ ስሜ አስቴር ነው፤ አፌ እንደማይረጋ ከተማው ሁሉ ያውቃል። እንዲህ ሆነን ነው የተጋባነው።

አንድ ጉድ ነበረብን፤ ጴንጤዎች ነን። ጸሎት ቤታችን ታሽጎ በሩ ላይ ሰንሰለት ተጠምጥሞበታል። እሑድ ጠዋት፣ ልክ በአምልኮው ሰዓት፣ የቀበሌ ስብሰባ ይጠራል። እንሄዳለን፣ እንቀመጣለን፣ መፈክር ሲባል ከሕዝቡ ጋር ተነሥተን ግራ እጃችንን እናነሣለን። ያም ሆኖ ስማችን «እነዚያ» ነበር።

ለሠራተኞች ቀን፣ ለሜይ ዴይ፣ በቀበሌው አዳራሽ አንደኛው ግድግዳ ላይ መፈክር ይጻፍ ተባለ። ግድግዳው ከኩልፎ ወንዝ በኩል ለሚመጣው መንገድ ፊቱን የሰጠ ሲሆን የሙዝ ማሳ ሥሩ ድረስ ተጠግቶታል። ቀይ መደብ ላይ በነጭ «የሠራተኛው መደብ ያቸንፋል!» ይላል። ቀዩ የዘይት ቀለም ከሴቻ በጣሳ ሙሉ መጣ። ነጩ አልመጣም፤ በከተማውም አልነበረም። ኦይታ «ቀለም የለም» ብሎ ቤቱ መግባት ይችል ነበር። እሱ ግን የጀመረውን መተው አያውቅምና ከጋሽ ኸይሩ ሱቅ ኖራ ገዝቶ ነጩን ራሱ በጠበጠ። ጽሑፉ ሲያልቅ መንገደኛው ሁሉ እየቆመ ያየው ነበር። ሊቀመንበራችን ደግፌ፣ ድሮ በጥጥ እርሻ የሠራ የጋሞ ሰው፣ ደስ ብሎት «ኦይታ፣ ይሄ ፊደል ሊናገር ነው እኮ የቀረው» አለው።

ሌሊቱን ዘነበ። ጠዋት ስንወጣ ፊደሎቹ እግር እግራቸውን አጥተዋል። ቀዩ መደብ እንዳለ ነው፤ ነጩ ብቻ ከታች ወደ ላይ ተፍቋል። ደግፌ ደንግጦ በአስቸኳይ አሳደሰው፣ የአብዮት ጥበቃ ጓዶችም መደበ። ደግሞ ዘነበ። ጠባቂዎቹ በረንዳው ሥር ተጠልለው ማደራቸውን አልካዱም፤ ግን ሰው ይቅርና ውሻ አላለፈም ብለው ማሉ። ፊደሉ ከመጀመሪያው ብሶ ተፍቆ አደረ።

ከሴቻ ካድሬው ላቀው በላንድሮቨር ወረደ። ላቀው ሞኝ አልነበረም፤ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ወደ ግድግዳው ተጠግቶ የተፋቀውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ።

«ይህ የሞረድ ሥራ ነው» አለ። «የሠለጠነ እጅ ነው። ቀዩን ሳይነካ ነጩን ብቻ ለይቶ አንሥቶታል።»

የኦይታ ቦርሳ ተፈተሸ። የቆርቆሮ ዝገት የሚፍቅበት ሞረድ ተገኘ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይሄ ነው። «ራሱ የጻፈውን ራሱ ይፍቃል?» ብዬ ጮህኩ።

«ጽፎ ሥራውን አሳየን፣ ፍቆ ዓላማውን» አለኝ ላቀው፣ ድምፁን እንኳ ሳያነሣ።

ኦይታ አንድ ቃል ሳይተነፍስ በቀበሌው ግቢ ጀርባ ባለችው እስር ቤት ገባ። እኔ እሱን ባየሁ ቁጥር ንዴቴ ይጨምር ነበር። ሰው እንዴት አንዴ እንኳ «አላደረግኩም» አይልም?

እኔ ስናደድ ተቀምጬ ማልቀስ አልችልም። ከትምህርት ቤት ማጉያ መነጽር አምጥቼ ግድግዳው ሥር ተንበረከክኩ። ያየሁት ነገር የሞረድ አልነበረም። ሞረድ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ይህ ግን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ እንደገና ወደ ግራ እየተወዛወዘ ነው የወጣው። በእያንዳንዱ ውዝዋዜ ውስጥ ደግሞ ከፀጉር የቀጠኑ ጭረቶች ጎን ለጎን ተሰልፈዋል። ማበጠሪያ ቅቤ ላይ ቢያልፍበት እንዲህ ያለ ምልክት ይተዋል። ኮሌጅ ሳለሁ ይህን ምልክት በመጽሐፍ አይቼዋለሁ። ዘወር ብዬ የወደቀውን የሙዝ ቅጠል ገለጥኩ። እዚያ ነበሩ፤ ቤታቸውን ተሸክመው፣ ጠግበው፣ ተኝተው።

ወደ ደግፌ ቢሮ ሮጥኩ። ላቀው እዚያው ነበር። ስነግረው አልሳቀም፤ ቢስቅ ይሻለኝ ነበር።

«ጓድ መምህርት» አለኝ፣ «ቀንድ አውጣ በጣት ቢጫኑት የሚፈስ ነገር ነው። ኖራ ሲደርቅ ደግሞ ድንጋይ ነው። ጥርስ አለው እንበል።»

«አለው እንጂ! በሺህ የሚቆጠር።»

«ይሁን። ድንጋይ ሲፍቅ የሚያድር እንዲህ ያለ ቅንጣት ጥርስ እንዴት አይሰበርም? የብረት ሞረድ እንኳ ይደንዛል።»

ጥርስ እንዳለው ተምሬያለሁ። እንዴት እንደማይሰበር ግን ማንም አላስተማረኝም።

«ሌላም አለ» ብሎ ቀጠለ። «የአዳራሹ ሌላው ጎን ሁሉ ኖራ የተቀባ ነው። እሱን አልነካም። ፊደሉን ብቻ መርጦ በላ። ማንበብ ይችላል ማለት ነው?»

ደግፌ ሊስቅ ጀምሮ የላቀውን ፊት አይቶ ተወው። በዚያው ቅጽበት የደግፌን ፍርሃት አየሁ። ግድግዳውን የሚያስጠብቀው እሱ ነው፤ አሻጥር ከሆነ እሱም ይጠየቃል። ቀንድ አውጣ ከሆነ ግን የሚጠየቅ የለም።

«እሑድ ስብሰባ ላይ ታሳየን ጓድ ላቀው» አለ። «ሕዝቡ ፊት ታሳየን።»

«ታሳየን» አለ ላቀው። «ካላሳየች ስብሰባው እንዳበቃ ሰውየው መኪናዬ ውስጥ ይገባል።»

መጀመሪያ ወደ ጋሽ ኸይሩ ሄድኩ። ኸይሩ ከቡታጅራ መጥቶ ሲቀላ የከተመ ነጋዴ ነው፤ ምስማርም ኖራም ጨውም ይሸጣል። ነጭ ቀለም ከከተማው መጥፋቱን፣ ኦይታም ለመፈክሩ ብሎ ኖራ መግዛቱን እሑድ ተነሥቶ እንዲናገርልኝ ለመንኩት።

«እህቴ» አለኝ ዓይኑን ከሚዛኑ ሳያነሣ፣ «አምና አሻጥረኛ ነጋዴ ብለው ሱቄን አሽገውብኝ ነበር። ኦይታ ወንድሜ ነው ወላሂ። ግን እኔ ለእሱ ስናገር ለእኔ የሚናገርልኝ ማነው? ብቻውን የተነሣ ሰው ይሰበራል።»

«እንግዲያው ዝም አይነቅዝም በልና ተቀመጥ!» ብዬው ወጣሁ። በሩንም ትንሽ ጠንከር አድርጌ ነው የዘጋሁት።

ከዚያ ትምህርት ቤት ገባሁ። የቀንድ አውጣ አፍ ቆርጦ ማውጣት ደስ የሚል ሥራ አይደለም። ቆርጬ በኮስቲክ ሶዳ ቀቀልኩት። ሶዳው ሥጋውን በሙሉ ሲበላ አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ ከጥፍሬ የጠበበ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ስስ ጥብጣብ። ራዱላ ይባላል። ቀንድ አውጣው ይህን ጥብጣብ እንደ ምላስ እያወጣ ይልሳል፤ ሲልስ ይፍቃል። መስተዋት ላይ ዘርግቼ ከማይክሮስኮፑ ሥር አደረግኩት። አምላኬ ሆይ! ከዳር እስከ ዳር ጥርስ ነው። ረድፍ በረድፍ ተተክሎ፣ ሁሉም ወደ አንድ ጎን ጎንበስ ብሏል።

አንዱን በቀጭን መርፌ ነካሁት። ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ሌላውን ነካሁ፣ ተሰበረ። ቀጣዩን እንደ ትንፋሽ ቀስ ብዬ ነው የነካሁት፤ እሱም ሄደ። ላቀው ልክ ነው ማለት ነው። ይህ ጥርስ እንኳን ኖራ ገንፎም አይፍቅ። ባሌን ሊወስዱት ነው። ከታሰረ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ሲበቃኝ ራሴን ሰደብኩ፤ ስሰደብ አእምሮዬ ይሠራል።

ቀንድ አውጣ መቼ ነው የሚበላው? ሲዘንብ። አፉስ መቼ ነው የሚደርቀው? መቼም አይደርቅም። እኔ ግን ጥብጣቡን ከሶዳው አውጥቼ መስኮት ላይ ለፀሐይ አስጥቼ፣ ጭራሮ ካደረግኩት በኋላ ነው የፈተንኩት። እንዲህ ያለ ጅል መምህርት! ሌላ ቀንድ አውጣ ቆረጥኩ። ይህን ጥብጣብ ከውኃ ሳላወጣ ጠብታ ውስጥ ዘረጋሁትና በመርፌው ገፋሁ።

አልተሰበረም። ጎነበሰ። ጎንበስ ብሎ ጀርባውን ከኋላው ባለው ጥርስ ላይ አሳረፈ። ጨምሬ ገፋሁ፤ ሁለተኛውም ጎንበስ ብሎ በሦስተኛው ተደገፈ። ጫናው የሚመጣው በአንዱ ላይ ነው፤ አንዱ ግን ብቻውን አይሸከመውም፤ ወደ ኋላ ያስተላልፈዋል፣ ረድፉ ይካፈለዋል። መርፌውን ሳነሣ ሁሉም ተመልሰው ቀና አሉ። ጫፋቸው ጠንካራ ነው፣ ሥራቸው ለስላሳ ነው። ጫፉ ይፍቃል፣ ሥሩ ይታጠፋል። ወደ ጥብጣቡ ፊት ስሄድ ጥርሶቹ ደንዘዋል፣ አንዳንዶቹም ወልቀዋል። ወደ ኋላ ስሄድ ሹል፣ አዲስ፣ ገና ምንም ያልነኩ ናቸው። ፊተኛው አልቆ ሲወድቅ የኋለኛው ወደፊት ይመጣል። እንግዲህ ለላቀው ጥያቄ መልሱ ይሄ ነው። ሲያልቅስ ያልቃል፤ ግን ከኋላው ተራውን የሚጠብቅ አለ።

ባዶ ክፍል ውስጥ ብቻዬን እልል አልኩ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ መጥቶ በመስኮት አየኝ፤ ራሱን ነቅንቆ ሄደ።

ደስታዬ አንድ ቀንም አልቆየም። በማግስቱ ቅዳሜ ቀይ ቀለም የተቀባ ሳንቃ ላይ ኖራ ቀባሁ። ሲደርቅ ውኃ ረጭቼ በእርጥብ ጆንያ ጥላ አበጀሁለትና የራባቸውን ቀንድ አውጣዎች ለቀቅኩበት። ዞሩ፣ አሸተቱ፣ ሄዱ። አንድም የላሰ የለም። ርቧቸዋል፣ እርጥበት አለ፣ ኖራም አለ። ታዲያ ምን ጎደለ? የላቀው ሁለተኛ ጥያቄ ፊቴ ቆመ። ለምን ፊደሉን ብቻ?

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ምሳ ቋጥሬ ወደ ኦይታ ሄድኩ። የሚያገናኙን በእስር ቤቱ ትንሽ መስኮት ነው።

«ኦይታ፣ ነጩ ውስጥ ምን ጨመርክ?»

«ኖራ።»

«ሌላስ?»

«ውኃ።»

«ኦይታ!»

ዝም አለ። የእሱን ዝምታ አውቀዋለሁ። ሌላ ጊዜ እረፍት ነው፤ ይሄኛው ግን መደበቅ ነበር።

«ነገ ይዘውህ ይሄዳሉ እኮ! ገባህ? ነገ!»

«ቡላ» አለ በመጨረሻ፣ ከከንፈሩ በማይወጣ ድምፅ። «ቡላ ጨመርኩበት። ኖራ በዘይት ቀለም ላይ አይዝም አስቱ፣ ይረግፋል። አባቴ ድር ሲዘረጋ ክሩ እንዳይበጠስ ቡላ አፍልቶ ያሸዋል። ሲደርቅ ሽቦ ነው የሚሆነው። እሱ ትዝ አለኝና አፍልቼ ጨመርኩ። ያዘልኝ።»

ከእንሰት ተጨምቆ የሚወጣው ያ ነጭ ዱቄት! እናቱ ከጨንቻ የላከችልን፣ ለክፉ ቀን ብዬ ያስቀመጥኩት! አይጥ የበላው መስሎኝ አይጥ ስረግም ነበር የከረምኩት።

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«በዚህ ዓመት?» አለኝ። «ወሎ ውስጥ ሰው በረሃብ እያለቀ፣ ካንቺም ደመወዝ ለእርዳታ እየተቆረጠ፣ ምግብ ግድግዳ ላይ ለጠፈ ልባል? ሞረዱ ይሻለኛል። እሱ ውሸት ነው። ይሄኛው እውነት ነው።»

ሰውየው ለካ ዝም ያለው ፈርቶ ሳይሆን አፍሮ ነው። ብናገር በሌላ ወንጀል ላስይዘው ነው፤ ባልናገር ደግሞ ቀንድ አውጣዎቹ አይበሉልኝም።

«እናገረዋለሁ» አልኩት።

«አትናገሪ» አለኝ።

ምሳውን ሰጥቼው ሄድኩ። ቤቴ ገብቼ ከጣሳው ሥር የቀረችውን ቡላ አራግፌ አፈላሁ።

እሑድ ጠዋት አዳራሹ ሞላ። ከኩልፎ ዳር የመጡት አትክልተኞች፣ የገበያ ሴቶች፣ ሸማኔዎች፣ ነጋዴዎች፣ ከመጨረሻው አግዳሚ ላይ ደግሞ እርስ በርስ ተጠጋግተው የተቀመጡ የጸሎት ቤታችን ሰዎች። ማይክሮስኮፑን ማንንም ሳላስፈቅድ በቅርጫት ይዤው መጥቻለሁ፤ ለዳይሬክተሩ የምመልሰውን ሰኞ አስብበታለሁ ብዬ። መስኮቶቹን በጆንያ ጋረድኩ፣ ማይክሮስኮፑን ካልተጋረደው አጠገብ አቆምኩ። ቀዩ ሳንቃ ጠረጴዛ ላይ ተጋደመ፤ ሁለት ነጭ ፊደል አለበት። አንደኛው ኖራ ብቻ ነው። ሁለተኛው ኖራና ቡላ ነው፤ ይህን ግን ገና ለማንም አልተናገርኩም። ውኃ ረጨሁበትና ሦስት ቀንድ አውጣዎች አስቀመጥኩ።

ቀንድ አውጣ ለማንም አይቸኩልም። ሕዝቡ ማጉረምረም ጀመረ። ላቀው ሰዓቱን አየ፣ ቆይቶ ደግሞ አየ። ደግፌ በመሐረብ አንገቱን ይጠርጋል። እኔ በልቤ እየጸለይኩ በአፌ ቀንድ አውጣዎቹን እሰድብ ነበር። በመጨረሻ ትልቁ ቀንዱን አወጣ። ወደ መጀመሪያው ፊደል ሄደ፣ ላዩ ላይ ተሳበ፣ አለፈው። ሁለተኛው ፊደል ላይ ሲደርስ ቆመ። አንገቱን ደፋ።

«ዝም በሉ!» አልኩ፣ ክፍል ውስጥ እንደምጮኸው።

አዳራሹ ጸጥ አለ። ክርር… ክርር… ክርር…

«ኸረ እየፈጨች ነው!» አለች ፊት የተቀመጠች፣ እንደ ጎመን ቀቅለን የምንበላውን የሃለኮ ቅጠል የምትሸጥ ነጋዴ። ሕዝቡ ሊነቃነቅ ሲል እሷው ዞራ «እሽ!» አለችው። ሌሎቹ ሁለቱም ደረሱና አጎነበሱ። ያን ሁሉ ሰው ያጨቀ አዳራሽ ትንፋሹን ይዞ የሦስት ቀንድ አውጣ ጥርስ አዳመጠ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዜማ ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ደስ ያለኝ የለም።

ላቀው ከወንበሩ ተነሥቶ መጣ። ጆሮውን አስጠጋ። ትልቁን ቀንድ አውጣ በሁለት ጣቱ አንሥቶ ሥሩን አየ። ነጩ ላይ ያ የሚወዛወዝ ጭረት ወጥቷል፤ ቀዩ መደብ ሳይነካ ብቅ ብሏል። በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፣ ግድግዳውን እንደ ዳሰሰው አድርጎ።

«እንዴት አይሰበርም?» አለኝ። አሁን የሚከራከር አይመስልም ነበር። የሚጠይቅ ነበር።

ወደ ማይክሮስኮፑ ወስጄ መርፌውን እጁ ላይ ሰጠሁት። መጀመሪያ የደረቀውን አሳየሁት። ነካው፣ ተሰበረ። «ይኸው» ሊል ሲል እርጥቡን አስገባሁለት። «አሁን ይግፉት።» ገፋ። ዓይኑን ከመነጽሩ ሳያነሣ ደግሞ ገፋ፣ ደጋገመ።

«ይደገፋሉ» አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው።

«ይደገፋሉ፣ ጓድ ላቀው። አንዱን ብቻውን ካገኙት ይሰብሩታል። እንደዚህ ሆነው ግን ግድግዳ ይበላሉ።»

ቀና አለ። «የመጀመሪያውን ፊደል ለምን አልበሉትም?»

የፈራሁት ሰዓት መጣ። ኦይታ «አትናገሪ» ብሎኛል። ይቅር ይበለኝ ብዬ ወደ ሕዝቡ ዞርኩና ሁሉንም ተናገርኩ፤ ነጭ ቀለም መጥፋቱን፣ የጨንቻ ሸማኔ ድሩን እንዴት እንደሚያጠነክር፣ ቡላው ከየት እንደመጣ።

«ቡላ?» አለ ላቀው፣ ፊቱ ተለወጠ። «ምግብ? በዚህ ዓመት?»

አዳራሹ ውስጥ ጉርምርምታ ተነሣ። ንዴቴም አብሮ ተነሣ፤ ያን ቀን ንዴቴን የሰጠኝን አምላክ አመሰግናለሁ።

«አዎ፣ ምግብ! የማን ምግብ? የእኔና የእሱ! እናቱ ለክፉ ቀን የላከችልንን እራታችንን ነው አፍልቶ መፈክራችሁን የጻፈበት። እኛ ሃለኮ ቀቅለን በልተን አደርን። አብዮት የሚጠላ ሰው እራቱን ግድግዳ ላይ ይለጥፍለታል? የሚጠላ ቢሆን ቀለም የለም ብሎ ቤቱ ይተኛ ነበር!»

ከሸማኔዎቹ አንዱ «ልክ ነች፣ እኛም ድሩን እንዲያ ነው የምናደርገው» አለ። ሌላው «እነዚህ ቀንድ አውጣዎችም የጨንቻ ሰዎች ናቸው መሰለኝ» ሲል አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ደግፌም ሳቀ፣ በዚህ ጊዜ የማንንም ፊት ሳያይ።

ላቀው ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቀ። «አሻጥር አይደለም» አለ። እልል ልል አፌን ስከፍት እጁን አነሣ። «ግን ያለ ዋስ አይለቀቅም። ሚስት ዋስ አትሆንም። ነገ ይህ ሰው ቢጠፋ ወይም ቢያጠፋ በእሱ ቦታ የሚታሰር ሰው ይነሣ። አለ?»

ሳቁ የት እንደገባ አላውቅም። ሰው ሁሉ እግር እግሩን ያይ ጀመር። ለጴንጤ ዋስ መሆን ምን ማለት እንደሆነ እያንዳንዱ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ፤ አልፈርድባቸውም ነበር። ግን ይህን ሁሉ መንገድ መጥቼ እዚህ ላይ ልቀር ነው?

መካከል ላይ አንድ አግዳሚ ሲጢጥ አለ።

«እኔ አለሁ።»

ጋሽ ኸይሩ ነበር። ቆቡን በሁለት እጁ ይዟል። «ኖራውን የሸጥኩለት እኔ ነኝ። ዋሱም እኔ ነኝ።»

«አንተ አምና ሱቅህ የታሸገብህ አይደለህም?» አለው ላቀው።

ኸይሩ ከንፈሩን ላሰ። ወደ ኋላ አንድ እግሩን ሲያነሣ አየሁት፤ ሊቀመጥ ነው ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ። በዚያን ጊዜ ከኋላው ያለው ሸማኔ ተነሣና እጁን ትከሻው ላይ ጣለ። «እኔም ዋስ ነኝ» አለ። የሃለኮ ነጋዴዋ ነጠላዋን እያጠበቀች ተነሣች። «እኔም አለሁበት፣ ጻፈኝ።» ከኩልፎ ዳር የመጡት አትክልተኞች ተነሡ። ከመጨረሻው አግዳሚ ደግሞ እነዚያ፣ እንዳይታዩ ዓመታት አንገታቸውን ሲደፉ የኖሩት የእኛ ሰዎች፣ አንድ በአንድ ሳይሆን ሁሉም ባንዴ ቆሙ።

«አንድ ዋስ ይበቃል!» አለ ላቀው። «ተቀመጡ!»

የተቀመጠ የለም። ላቀው አንድ ጊዜ ሕዝቡን አየ፣ አንድ ጊዜ በሩን አየ፣ ከዚያ ለደግፌ ራሱን ነቀነቀለት። ደግፌ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ እየሮጠ ወጣ፤ ሊቀመንበር ሲሮጥ አይቼ የማውቀው ያን ቀን ብቻ ነው።

ኦይታ የሆነውን ሁሉ አልሰማም። ጫማውን እንኳ ሳያስር፣ ከጨለማ የወጣ ዓይኑን እያሻሸ በአዳራሹ በር ገባ። ሕዝቡ በሙሉ ቆሞ ሲያየው መፈክር እየተባለ ነው የመሰለው። ደንግጦ ቀጥ አለና ግራ እጁን ወደ ላይ አነሣ።

አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። እኔ በሰው መካከል እየተጋፋሁ ደረስኩበት፤ እንባዬ ይወርዳል፣ ሳቄም አልቆም ብሎኛል።

«እጅህን አውርድ አንተ» አልኩት። «የተነሡት ላንተ ነው።»

አልገባውም። አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ ከፊት እስከ ኋላ የቆመውን ሰው አየ። ሲገባው እጁን አወረደና ፊቱን ሸፈነበት።